የክልሉን መዝሙር በድምፃቸው ያቆሙት የወይዘሮ ጋዲሴ ጉዲሳ የሕይወት ታሪክ (1954–2009 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጋዲሴ ጉዲሳ ከአባታቸው ከአቶ ጉዲሳ ሂካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ በዳዳ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ የአያት ኮንዶሚኒየም በተሠራበት ሜዳ ላይ በነበረች የገበሬ መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ኪዳን ነው።

ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ደቻሳ ነው። ወይዘሮ ጋዲሴ በየለቅሶው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሲሰሙ «ይህች ሀገር ክፉ ሰው ቀብራ አታውቅም» እያሉ ይስቁ ነበር። የእርሳቸው ቀን እየቀረበ ሲመጣም ወንድማቸውን ጠርተው፣ «ያልሆንኩትን እንዳታደርገኝ። ከዋሸህ ሳጥኑ ውስጥ ሆኜ ጉሮሮዬን እጠርግብሃለሁ» አሉት። ስለዚህ እዚህ የሚነበበው የሆነው ብቻ ነው፤ ለቀስተኛውም በዚሁ ይረዳልን።

ድምፃቸው የታወቀው በልጅነታቸው ማሳ ላይ ወፍ ሲጠብቁ ነው። ከእርሳቸው ማሳ የተነሣ ጩኸት ከወንዙ ማዶ ያለውን ወፍ ሁሉ ያስነሣ ነበር ይባላል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ኮተቤ ተምረዋል። በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ተመዘገቡ። አባታቸው ይህን ሲሰሙ «እኔ አዝማሪ አልወለድኩም» ብለው በአለንጋ ገረፏቸው። በማግሥቱ ጀርባቸው እንዳበጠ ሄደው ዘመሩ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ የልጃቸውን ዘፈን ሰምተው አያውቁም፤ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ያጠፉት ነበር። ወይዘሮ ጋዲሴ ይህን ሲያነሡ በምሬት አልነበረም። «አባቴ ቂም መያዝ የሚችል ሰው ነበር፤ እኔም የእርሱ ልጅ ነኝ» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. በከተማው ካሉት ቲያትር ቤቶች በአንዱ በድምፃዊነት ተቀጠሩ። እዚያም አኮርዲዮን ይጫወቱ ከነበሩት ከአቶ ብዙአየሁ ጋር ተዋወቁ። አቶ ብዙአየሁ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ ሩቅ ሀገር የመጡ፣ ዝምተኛና ደግ ሰው ነበሩ። የዚያን ክልል ስም እዚህ አንጠቅስም፤ ወይዘሮ ጋዲሴም በኋለኛው ዘመን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ «የብዙአየሁ ሀገር» ይሉት ነበር። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። ባላቸው የአገራቸውን ዘፈን አንድ በአንድ አስጠኗቸው፤ ቋንቋውንም ከዘፈኑ ጋር ለመዱት። የአቶ ብዙአየሁ እናት እርሳቸውን ወልደው ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል፤ ሚስትየው ግን እሳቸውን ሳያዩ በእሳቸው አነጋገር ይናገሩ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. ብቸኛ ልጃቸው ማኅደር ተወለደች።

አቶ ብዙአየሁ በ1988 ዓ.ም. በሳንባ በሽታ አረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደ። ማኅደር ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቲያትር ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወይዘሮ ጋዲሴ ከሥራ ወጡ። ላምበረት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ቀን ቀን የሌላ ሰው ልጆችን ዘፈን ያስተምራሉ፤ ሲጠሩ ደግሞ ቦሌ በየስቱዲዮው እየሄዱ ለታወቁ ዘፋኞች ተቀባይ ይሆናሉ። በካሴቱ ሽፋን ላይ ስማቸው አይወጣም ነበር። ይህ አላስከፋቸውም። ልጅቷን ግን ከሕፃንነቷ ጀምረው በጥብቅ አሠልጥነዋታል፤ ስታዛንፍ እጇን በማማሰያ ይመቷት እንደነበር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትብለጽ ምስክር ናቸው።

በ1996 ዓ.ም. የብዙአየሁ ሀገር የራሱን የክልል መዝሙር አዘጋጀ። ግጥሙ በምክር ቤት ጸደቀ፤ ዜማውም ተመረጠ። የሚዘምረው ሰው ግን ጠፋ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ድንገት ወደ ላይ ይወጣና የወንዙን ስም ጠርቶ ሳይተነፍስ ይመለሳል። ከክልሉ የመጡት ድምፃውያን ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ይሰበራሉ። ቀረጻው የሚካሄደው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አቶ ይሕደጎ በሚባል ወጣት ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ይሕደጎ በመጨረሻ ከክልሉ ተልኮ ቀረጻውን ለሚከታተለው ኃላፊ፣ «አንዲት ሴት አሉ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለው፤ ወይዘሮ ጋዲሴም ተጠሩ።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ገብተው፣ ግጥሙን አንዴ አንብበው፣ ዘመሩት። ሁለተኛውን ስንኝ ወጥተው ሲመለሱ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሰዎች ቆመው ነበር። ኃላፊው ዕንባውን እየጠረገ፣ «ይህ የእናቴ ድምፅ ነው፤ የየትኛው ወረዳ ልጅ ነዎት?» ሲል ጠየቃቸው።

«የአያት ገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ።

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ያ ቅጂ ለክልሉ ሬዲዮ፣ ለየመሥሪያ ቤቱና ለየትምህርት ቤቱ ተሰራጨ። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በዚያ ክልል ያለ ተማሪ ሁሉ በወይዘሮ ጋዲሴ ድምፅ ይቆም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የባላቸውን መቃብር አጥር ለማሠራት ወደዚያው ተጉዘው ሳለ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አጥር ስር ቆመው ራሳቸውን ሰሙ። ከድምፅ ማጉያው የእርሳቸው ድምፅ ይወጣል፤ ሕፃናቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይከተላሉ። ወይዘሮ ጋዲሴ አጥሩን ይዘው አለቀሱ። አንድ መምህር መጥቶ፣ «እናት፣ መዝሙር ሲዘመር መንገድ ላይ አይለቀስም፤ ወዲያ ይበሉልን» አላቸው። ወዲያ አሉለት። በዕድሜያቸው ሁሉ ፊታቸው ይህን ሲያወሩ እንደሚበራው በርቶ አያውቅም። «አባረረኝ እኮ! በገዛ ድምፄ አባረረኝ!» እያሉ ከልባቸው ይስቁ ነበር።

ያ ዘመን ከተማው ሁሉ ግንባታ የሆነበት ነው። ከቦሌ እስከ አያት መሬቱ ተቆፍሮ፣ አቧራው ለሰው ቁርስ ይሆን ነበር። ማኅደርም ቦሌ አንድ የቤት ሽያጭ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ፣ ገና መሠረታቸው ያልወጣ ቤቶችን በሥዕል ታሳያለች። ቆንጆና ቀልጣፋ ልጅ ነች። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ግን ሰልችቷት ነበር። ይህን ማንም አይፈርድባትም።

በ2000 ዓ.ም. ክልሉ ትልቅ በዓል ሊያከብር፣ የመዝሙሩንም ታሪክ በመጽሔት ሊያወጣ አሰበ። የዘማሪዋ ስም ሲጠየቅ «ጋዲሴ ጉዲሳ» የሚል መጣ። ኃላፊው ወይዘሮ ጋዲሴን ቦሌ አንድ ሆቴል ጠርቶ ማኪያቶ ጋበዛቸው።

«ወይዘሮ ጋዲሴ፣ ድምፅዎ እንከን አይወጣለትም» አለ። «ያስቸገረን ስምዎ ነው።»

«ስሜ ምን ሆነ?»

«የእኛ አይደለም።»

«ቋንቋችሁን የተናገርኩት በማን አፍ ነው?»

«ይኸውልዎት፣ እኔ ቢሆን ግድ የለኝም። ሕዝቡ ግን ይጠይቃል። የራሳችንን መዝሙር የሚዘምር ሰው ከራሳችን አጣን ወይ ይላል። እንደገና በክልሉ ልጅ ልናስቀርጽ ነው። አንዲት ልጅ አግኝተናል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትሰበራለች። እንዲያስተምሩልን ነው የጠራንዎት።»

ወይዘሮ ጋዲሴ ማኪያቶውን ሳይነኩ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ግን ለይሕደጎ ደውለው እሺ አሉ። ለምን እሺ እንዳሉ ወንድማቸው ሲጠይቃቸው፣ «መዝሙሩ ምን አጠፋ? ካልቀረልኝ በደንብ ይዘመር» ነበር መልሳቸው።

ስቱዲዮው ሲደርሱ ይሕደጎ በር ላይ ጠበቃቸው። «እትዬ ጋዲሴ፣ ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ቀን…» ብሎ ሊመልሳቸው ሞከረ፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም ነበር። ገፍተውት ገቡ። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የቆመችው ማኅደር ነበረች።

ኃላፊው በቀጥታ ወደ እርሷ ሄዶ ነበር። ማኅደር ብዙአየሁ፤ የአባቷ ስም የአገሩ ስም ነው። ሳምንታት ሙሉ ስትለማመድ ከርማ አንድ ቀን ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

«እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር» አለች ማዳመጫውን እያወለቀች። «ሌላ ሰው ከሚወስደው ብዬ ነው። መዝሙሩ ከቤታችን አልወጣም እኮ!»

ወይዘሮ ጋዲሴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በይ ጀምሪ» አሉ።

ሦስት ሳምንት አስተማሯት። ይሕደጎ እንዳለው፣ እንደዚያ ያለ ትምህርት አይቶ አያውቅም፤ ሁለተኛ ለማየትም አይሻም። እናትየው የልጅቷን ጎን በጣታቸው እየወጉ ትንፋሿን ያስይዟታል። በተሳሳተች ቁጥር፣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ በሚሰሙበት፣ «ከአባትሽ ስም ሌላ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሏታል። አንድ ቀን ልጅቷ ራሷን ስታ ወደቀች። ውኃ ረጭተው አስነሷትና «ከወደቅሽበት ስንኝ ጀምሪ» አሏት። ማታ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አይነጋገሩም። በመጨረሻ ማኅደር ወደ ላይ ወጥታ፣ ወንዙን ጠርታ፣ ሳትተነፍስ ተመለሰች። ወይዘሮ ጋዲሴ ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። አንዲት ቃል የምስጋና ወይም የምርቃት አልተናገሩም።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ሊታረቁ ይችሉ ነበር። ወንድማቸው ደቻሳ አማላጅ ሆኖ ሄዶ፣ «ልጅ ናት፣ እትዬ» ሲላቸው እንቢ አላሉም ነበር።

መዝሙሩ የተመረቀው ቦሌ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለወይዘሮ ጋዲሴ የጥሪ ወረቀት አልመጣላቸውም። ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ከወይዘሮ ትብለጽ ቤት ተቀምጠው አዩ። ማኅደር በአባቷ አገር ልብስ አጊጣ ወጣች፤ ዘመረች፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ወይዘሮ ጋዲሴም እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው አጨበጨቡ፤ ትብለጽ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ የመድረኩ መሪ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ፣ «ይህን ዜማ እንዲህ አድርጎ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አያቴ» አለች ማኅደር። «የአባቴ እናት። በሕፃንነቴ እያንጎራጎረች ታስተኛኝ ነበር።»

«እናትሽስ? እሳቸውም ይዘፍናሉ?»

«እናቴ የቤት እመቤት ናት» አለች ማኅደር። «ለሙዚቃ ሩቅ ናት።»

ወይዘሮ ትብለጽ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፉ ብድግ ሲሉ ወይዘሮ ጋዲሴ እጃቸውን ያዙ። «ተይው፣ ይጨርስ» አሉ። እስኪያልቅ አዩት።

ማኅደር እንደምትለው ይህ መልስ አስቀድሞ የተሰጣት ነው። ኃላፊው ከመድረክ በስተጀርባ፣ «የእናትሽን ስም ካነሣሽ መጽሔቱም መዝሙሩም ይቀራል፤ ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ» ብሏታል። ወንድማቸው ይህን ቃል በቃል ለወይዘሮ ጋዲሴ ነግሯቸዋል። «መርሳት የሚባል ነገር ነበር» አሉ። «ረሳሁት፣ ደነገጥኩ፣ ማለት ትችል ነበር። ሩቅ ናት ብሎ መጨመርን ማን ነገራት?»

በዚያ ምሽት ማኅደር አበባ ይዛ ወደ ላምበረት መጣች። እናቷ በሩን ከፈቱ። «ይግቡ» አሏት። «ይቀመጡ። ማንን ፈልገው ነው?»

ልጅቷ መጀመሪያ ቁጣ መሰላት። ቁጣ ያልፋል። ወይዘሮ ጋዲሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት የገዛ ልጃቸውን «አንቺ» ብለው አልጠሩም። ሰድበዋት አያውቁም፤ በራቸውንም ዘግተውባት አያውቁም። በየበዓሉ ስትመጣ ምግብ ያቀርባሉ፣ እጅ ያስታጥባሉ፣ «ይብሉ፣ አፈሩ እንዴ?» ይሏታል። ያመጣችውን ስጦታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» ብለው ይቀበሉና ዓይኗ እያየ ለጎረቤት ይሰጣሉ። ማኅደር በማስታወቂያ ታወቀች፣ አያት ላይ ቤት ገዛች፣ መኪና ያዘች። በወጣችና በገባች ቁጥር ስድብ ቢሆን ይሻላት እንደነበር ለአጎቷ ለደቻሳ ብዙ ጊዜ እያለቀሰች ነግራዋለች።

በ2003 ዓ.ም. ማኅደር ስታገባ ወይዘሮ ጋዲሴ ተለምነው ተገኙ፤ ግን የእናት ቦታ አልቀመጥ ብለው ከእንግዶች መካከል ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ መጡ። ሽማግሌዎቹ «መርቂያቸው እንጂ» ሲሏቸው፣ ማኅደር እግራቸው ስር እንደተንበረከከች፣ «እኔ ለሙዚቃም ለምርቃትም ሩቅ ነኝ። ዘፈን ያስተማሯቸው አያታቸው ይመርቋቸው» አሉ። የሙሽራው አባት ጣልቃ ገብተው መረቁ። ወይዘሮ ጋዲሴ ምሳቸውን በልተው፣ ለወጥ ቤት ሴቶች ባለሙያነታቸውን አመስግነው ሄዱ።

በ2005 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ረሆቦት ተወለደች። ወይዘሮ ጋዲሴ ሕፃኗን አቅፈዋል፣ አዝለዋል፤ ለእርሷ አፋቸው ማር ነበር። እናትየው ግን ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ሕፃኗን ያስቀምጧት ነበር። ልጅቱ አፍ ፈትታ «አያቴ፣ እማን ለምን እርስዎ ትያታለሽ?» ስትላቸው፣ «ትልቅ ሰው ናቸዋ፤ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣሉ» አሏት።

ረሆቦት በተወለደችበት ዓመት ገደማ የባላቸው ወንድም ከብዙአየሁ ሀገር መጥተው፣ በእነርሱ ወረዳ አዲሱ ሲዲ በማጫወቻቸው ስለማይሠራ ትምህርት ቤቶቹ አሁንም በድሮው ካሴት እንደሚዘምሩ ነገሯቸው። ደስ ይላቸዋል ብለው ነበር። ወይዘሮ ጋዲሴ ጥቂት አሰቡና፣ «ለትምህርት ቤቱ ማጫወቻ ይግዙላቸው፤ ካሴቱን ያቃጥሉት» አሉ። እንግዳው ሳያድሩ ተመለሱ።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም ጸናባቸው። እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። ያን ጊዜ ሆስፒታል የወሰደቻቸው፣ ያስታመመቻቸው፣ ልብሳቸውን ያጠበችው ማኅደር ናት። ይህ እውነት ስለሆነ ይነበባል። ሥራዋን ትታ ለወራት በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነርሶቹ «ልጅዎ እኮ ውጪ ነች፣ ትግባ?» ሲሏቸው፣ «ሰው ተሳስተው ይሆናል፤ ይግቡ ግን፣ ብርድ ነው» ይሉ ነበር። ገብታ ስታገላብጣቸው «ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» ይላሉ። የንስሐ አባታቸው ደጋግመው መክረዋቸዋል። እርሳቸውም ለኃላፊው፣ ለይሕደጎ፣ ለሞቱት አባታቸውም ሳይቀር ይቅር ብያለሁ ብለዋል። ልጃቸው ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ሰኔ 14 ቀን 2009 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሐኪሙ ቤተሰቡን ጠራ። ወንድማቸው በራስጌ፣ ማኅደር በግርጌ ቆሙ። ማኅደር ውስጥ እግራቸውን ይዛ ትስም ነበር።

«እማዬ» አለች። «ይቅር አትበይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አንቺ በዪኝ። ስደቢኝ፤ ግን አንቺ ብለሽ ስደቢኝ።»

ወይዘሮ ጋዲሴ ዓይናቸውን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩዋት። የከንፈራቸው አያያዝ ሊሉት ነው አሰኝቶ ነበር፤ ወንድማቸውም ጎንበስ አለ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ለመዝሙር እንደሚሰበስቡት አድርገው።

«ደክሞዎታል» አሏት። «ቤትዎ ይሂዱ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ሰኔ 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ወዳጅ ዘመድና ጎረቤት በተገኙበት፣ እትብታቸው ከተቀበረበት ሜዳ አጠገብ በሚገኘው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወይዘሮ ጋዲሴ ጉዲሳ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የአንዲት ሴት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ልጃቸው ማኅደር ብዙአየሁ እዚህ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ቆማለች። የቆማችሁ ሁሉ እባካችሁ ደግፏት።

ይቅር ሳይሉ ሄደዋልና፣ ይቅር ማለት የማይሰለቸው አምላክ ለነፍሳቸው ይቅር ይበል፤ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፋቸው። ለቀረችውም ልጃቸው፣ እናቷ የነፈጓትን ቃል እርሱ ራሱ በስሟ ጠርቶ ይንገራት። አሜን።